አንድን መብራት ከሁለት ስፍራ ስለ ማብራትና ስለ ማጥፋት

አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ በሩና ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ወለሉ ንጣፍ ከግንበኛውና ከአናጢው ጋር ብዙ ቀን ይነጋገራል። ስለ መብራቱ ግን «እዚህም እዚያም አንዳንድ አምፑል ይሁን» ብሎ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይተወዋል። ሠራተኛውም የቤቱን ሰው አካሄድ አያውቅምና በየክፍሉ በር አጠገብ አንዳንድ ማብሪያ አስገብቶ ይሄዳል። ልስኑ ደርቆ፣ ቀለሙ ተቀብቶ፣ ቤተ ሰቡ ከገባ በኋላ ችግሩ ይገለጣል። የመተላለፊያው ማብሪያ በሳሎን በኩል ነው፤ መኝታ ቤቱ ግን በወዲያኛው ጫፍ ነው። መብራቱን አጥፍቶ ለመተኛት የሚሄድ ሰው ዐሥር እርምጃ በጨለማ ይራመዳል፤ ሌሊት የሚነሣውም ግድግዳ እየዳሰሰ ይመጣል። ለጐልማሳ ይህ ቀላል ነገር ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ እናት ወይም አባት ግን ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ያለችው ያች አጭር መንገድ የዳሌ አጥንት የሚሰበርባት መንገድ ልትሆን ትችላለች።

ደረጃ ባለው ቤት ነገሩ ይብሳል። ማብሪያው ከታች ብቻ ከሆነ ወደ ላይ የወጣው ሰው መብራቱን ሊያጠፋው አይችልም፤ ስለዚህ ወይ መብራቱ ሲበራ ያድራል፤ ወይም ሰውየው ከታች አጥፍቶ ደረጃውን በጨለማ ይወጣል። የግቢው በር መብራትም እንዲሁ ነው። ማታ እንግዳ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ከሰርቪስ ቤት የወጣው ሰው መብራቱን ለማብራት መጀመሪያ ወደ ዋናው ቤት በረንዳ መሄድ ካለበት፣ መብራቱ ከበሩ ላይ መሰቀሉ ምን ይጠቅማል?

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋጋውም ቢሆን ከተራው ጥቂት ከፍ የሚል ማብሪያና ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን አንድን መብራት ከሁለትና ከሦስት ስፍራ ስለ ማዘዝ፣ ደግሞም ብዙ መብራቶችን በአንድ ማብሪያ ስለ ማሰር እንጽፋለን። የምንጽፈው አንባቢ ካቻቢቴ ይዞ ሽቦ እንዲፈታ አይደለም፤ ይህ የሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን የቤቱ ጌታና የቤቱ እመቤት ምን ማዘዝ እንደሚገባቸው፣ ሥራውም ሲያልቅ ምን መመርመር እንዳለባቸው ሊያውቁ ይገባል። እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ይህን መሥሪያ ቤት በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ከተቋቋመ ጀምሮ ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ይለዋል፤ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ በየቤቱ የሚያከፋፍለው ክፍል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢባልም የቀድሞው ስም ከሰው አፍ አልወጣም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ ግን የባለቤቱ ነው፤ ጥፋቱም ጥቅሙም የሚያገኘው በዚያ ቤት የሚያድረውን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ተራው መብራት እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በአገራችን ወደየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ወደ አምፑሉ የሚሄዱት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኃይሉን የሚያመጣው ነው፤ ባለሙያዎቹ ፌዝ ይሉታል። ሁለተኛው መላሹ ነው፤ ኒውትራል ይባላል። ሦስተኛ የመሬት ሽቦም አለ፤ እርሱ የብረት አካል ላለው መብራት ለጥንቃቄ የሚታሰር ነው እንጂ በማብራቱ ሥራ ድርሻ የለውም። ማብሪያ ማለት በአንደኛው ሽቦ መካከል የተቀመጠ ትንሽ ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ሲዘረጋ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ሲነሣ ይቋረጣል። ስሙን አሳጥረን «ማብሪያ» እንላለን እንጂ ሙሉ ስሙ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ እንዲያውም ከሁለቱ ሥራው የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በማጥፋቱ ላይ ነው።

ይህም እንዲህ ነው። ድልድዩ መቀመጥ ያለበት በፌዙ ላይ ብቻ ነው። ቸኳይ ሠራተኛ በኒውትራሉ ላይ ቢያስገባው አምፑሉ እንደ ወትሮው ይበራል፤ እንደ ወትሮውም ይጠፋል። በዓይን ተመልክቶ ልዩነቱን ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን መብራቱ በጠፋ ጊዜ 220 ቮልቱ ከአምፑሉ መያዣ፣ በገበያ ፖርታላምፓዳ ከሚባለው ዕቃ ውስጥ አልወጣም። የተቃጠለውን አምፑል ሊለውጥ ወንበር ላይ የወጣ ሰው «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ ተማምኖ ጣቱን ወደዚያ ይሰድዳል። በሌላ እጁ የብረት መሰላል ወይም የውሃ ቧንቧ ይዞ፣ ወይም በባዶ እግሩ በርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ በኩል አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሞት ቢያመልጥ እንኳ ደንግጦ መውደቁ አይቀርም። ተሽከርክሮ በሚገባው አምፑል ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ ፌዙ በመያዣው መሐል ወለል ላይ ካለችው ትንሽ የናስ ምላስ ጋር፣ ኒውትራሉ ደግሞ ከዙሪያው ጥምዝ ጋር መታሰር አለበት። ተገልብጦ ከታሰረ መብራቱ በርቶ ሳለ አምፑሉን የሚያላላ እጅ ኃይል ያለበትን የአምፑሉን አንገት ሊነካ ይችላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ማብሪያዎች እንግባ። ተራው ማብሪያ በጀርባው ሁለት የሽቦ ማሰሪያ ብቻ አለው፤ አንዱ መግቢያ አንዱ መውጫ ነው። ከሁለት ስፍራ ለማብራት የሚያገለግለው ግን ሦስት ማሰሪያ አለው። በሱቅ «ቱ ዌይ» እየተባለ ይሸጣል፤ እኛ ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያ እንበለው። ፊቱ ከተራው ስለማይለይ በሚገዛበት ጊዜ ጀርባውን ገልብጦ ማሰሪያውን መቁጠር ነው። ከሦስቱ አንዱ የጋራ ማሰሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል «ኮም» ወይም «ሲ» ተብሎ ይጻፍበታል። የቀሩት ሁለቱ የመንገድ ማሰሪያዎች ናቸው፤ «ኤል 1» እና «ኤል 2» የሚል ይታይባቸዋል። የዚህ ማብሪያ ሥራ መምረጥ ነው። ቁልፉን በአንድ በኩል ሲጫኑት የጋራውን ከአንደኛው መንገድ ጋር ያገናኛል፤ በሌላው በኩል ሲጫኑት ከሁለተኛው ጋር ያገናኛል።

በወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት መንደሮች እናስብ። በመካከላቸው ሁለት ድልድዮች አሉ፤ በየመንደሩም አንዳንድ በረኛ ቆሟል። በወዲህ ያለው በረኛ ከሁለቱ ድልድዮች አንዱን ብቻ ይከፍታል፤ በወዲያ ያለውም እንዲሁ አንዱን ብቻ ይከፍታል። ሁለቱ አንዱንው ድልድይ ከፍተው እንደ ሆነ መንገደኛው ይሻገራል። አንዱ ላይኛውን ሌላው ታችኛውን ከፍተው እንደ ሆነ ግን መንገደኛው ድልድዩን ጨርሶ ከተዘጋ በር ይደርሳል። ከሁለቱ በረኞች ማንኛውም ሐሳቡን ቢለውጥ ይሻገር የነበረው ይቆማል፤ ቆሞ የነበረው ይሻገራል። ከሁለት ስፍራ የሚታዘዝ መብራት ምሥጢሩ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ሽቦው ስንመልሰው፣ ፌዙ ከብሬከሩ መጥቶ በመጀመሪያው ማብሪያ የጋራ ማሰሪያ ላይ ይታሰራል። ከመንገድ ማሰሪያዎቹ ሁለት ሽቦዎች ተነሥተው ወደ ሁለተኛው ማብሪያ የመንገድ ማሰሪያዎች ይሄዳሉ፤ እነዚህን ተመላላሾች እንላቸዋለን። ከሁለተኛው ማብሪያ የጋራ ማሰሪያ አንድ ሽቦ ወጥቶ ወደ አምፑሉ ይደርሳል። ኒውትራሉ ከማብሪያዎቹ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ በቀጥታ ወደ አምፑሉ ነው። እንግዲህ ከመገናኛ ሣጥኑ ወደ ተራው ማብሪያ የሚወርደው ሁለት ሽቦ ሲሆን ወደ ባለ ሁለት መንገዱ የሚወርደው ሦስት ነው። ይህን ቁጥር የቤቱ ሰው ቱቦ በሚቀበርበት ቀን በአእምሮው ሊይዘው ይገባል፤ ልስን ካለቀ በኋላ ሦስተኛውን ሽቦ በጠባብ ቱቦ ለማስገባት መታገል፣ ሳይቻልም ሲቀር ግድግዳ መሰርሰር ከማብሪያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣልና። ለመብራት የሚያገለግለው ሽቦ የመዳቡ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ይበቃል።

በዚህ ሥራ አዘውትሮ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ፤ ምልክቱን ያወቀ ሰው ያለ መሣሪያ ሊለየው ይችላል። «የላይኛው ማብሪያ የሚሠራው የታችኛው በአንድ በኩል ሲሆን ብቻ ነው» የሚል ቅሬታ ከተሰማ፣ ከሁለቱ ማብሪያዎች በአንደኛው የጋራው ሽቦና አንዱ ተመላላሽ ስፍራ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ቁልፎቹ ከሚቆሙባቸው አራት ሁኔታዎች መብራቱ የሚበራው በአንዱ ብቻ ይሆናል። ብዙ ቤተ ሰብ ይህን እንደ ማብሪያው ጠባይ ቈጥሮ ለዓመታት ይኖርበታል፤ ባለሙያ ግን ሁለት ብሎን አላልቶ ሽቦዎቹን በማለዋወጥ ወዲያው ያቃናዋል።

ከባለ ሁለት መንገድ ማብሪያ አሠራር ብዙ ሰው የማያስተውለው ከባድ ነገር ይከተላል። በተራው ማብሪያ ቁልፉ የቆመበትን አይቶ መብራቱ የተከፈተ ወይም የተዘጋ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። በባለ ሁለት መንገዱ ግን ቁልፉ ወደ ላይ መሆኑም ወደ ታች መሆኑም ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው አምፑሉ ብቻ ነው። አምፑሉ የተቃጠለ እንደ ሆነ፣ ወይም የሰፈሩ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የሚናገር የለም። መብራት መጥፋት ደግሞ በከተሞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰው «አሁን መብራት የለም፤ እስኪመጣ ድረስ ይህን አምፑል ልለውጥ፤ ይህን የተላላ ማብሪያም ላጥብቅ» ብሎ ጨለማውን እንደ ዕረፍት ጊዜ ይጠቀምበታል። መብራቱ ግን ሲሄድ እንዳላስታወቀ ሲመለስም አያስታውቅም፤ እጁ ከሽቦው ላይ ሳለ ቢመጣ ማን ያስጥለዋል?

ስለዚህ የሰፈሩ መብራት ኖረም አልኖረም፣ የማብሪያው ቁልፍ በየትኛውም በኩል ቆመ፣ አምፑል ከመለወጥና መያዣ ከመንካት በፊት የዚያን መብራት ብሬከር ማውረድ ግድ ነው። ብሬከሩን ያወረደውም ሰው በቤት ላሉት ሁሉ ይንገር፤ ቴሌቪዥኑ የጠፋበት ልጅ ሮጦ ሊያነሣው ይችላልና። በቴስተር የሚመረምርም ቢሆን ቴስተሩን አስቀድሞ ኃይል እንዳለው በታወቀ ሶኬት ላይ ይሞክረው፤ የተበላሸ ቴስተር በሞተ ሽቦም በሕያው ሽቦም ላይ ያው ጨለማ ነው።

መተላለፊያው ረጅም ሆኖ ሦስት በር ያለበት እንደ ሆነ፣ ወይም ደረጃው ሦስት ፎቅ የሚወጣ እንደ ሆነ ሦስተኛ ማብሪያ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው አራት ማሰሪያ ያለው ሌላ ዐይነት ነው፤ በሁለቱ ባለ ሁለት መንገዶች መካከል በተመላላሾቹ ላይ ይገባል። ምሳሌያችንን ብናስረዝመው፣ በወንዙ መካከል ደሴት አለ፤ ሁለቱ ድልድዮች በደሴቱ ላይ ያልፋሉ። በደሴቱ የቆመው ሦስተኛው በረኛ ማንንም አይከለክልም፤ መንገደኛውን ወይ በመጣበት መስመር በቀጥታ ይሰድደዋል፤ ወይም ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛውም ወደ ላይኛው ያሻግረዋል። መንገዶቹን ስለሚያመሳቅል መስቀለኛ ማብሪያ ቢባል ይስማማዋል። አራትና አምስት ስፍራ ቢያስፈልግም በመካከል መስቀለኛውን መጨመር ነው፤ ዳርና ዳር የሚቆሙት ግን ዘወትር ባለ ሁለት መንገዶች ናቸው። ወደ መስቀለኛው የሚወርደው ሽቦ አራት ነው። ይህ ማብሪያ በሁሉ ሱቅ አይገኝም፤ ስለዚህ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ዕቃውን በእጅ ማድረግ ብልህነት ነው።

አንድን መብራት በብዙ ማብሪያ ካልን፣ ብዙ መብራትን በአንድ ማብሪያ ማዘዝ ከዚያ ይቀላል። በመተላለፊያው ኮርኒስ ላይ ሦስት አምፑሎች ቢኖሩ ከማብሪያው የወጣው ሽቦ ለሦስቱም በየራሳቸው ቅርንጫፍ ይሰጣቸዋል፤ ኒውትራሉም እንዲሁ ለሦስቱ ይደርሳል። ሁሉም ሙሉውን 220 ቮልት ያገኛሉ፤ አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ መብራታቸውን አያቋርጡም። አምፑሎቹን እንደ ሰንሰለት አንዱን በሌላው ጅራት ማሰር ግን አይገባም። የቀድሞዎቹ ባለ ክር አምፑሎች ሁለት ሆነው እንዲህ ቢታሰሩ ለየራሳቸው 110 ቮልት ተካፍለው ቀላ ብለው ይፈዝዛሉ፤ አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ። የዛሬዎቹ ኤልኢዲ አምፑሎች ደግሞ ይርገበገባሉ ወይም ጨርሶ እንቢ ይላሉ።

በሳሎን ለሚንጠለጠለው ባለ አምስት አምፑል መብራት ባለ ሁለት ቁልፍ ማብሪያ እናመሰግናለን። አንደኛው ቁልፍ ሁለቱን አምፑሎች፣ ሁለተኛው ሦስቱን ቢያዝዝ፣ ቤተ ሰቡ እንደ ጊዜው ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት አምፑል ለማብራት ይችላል። ለቡናና ለጨዋታ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ልጆች ሲያጠኑ ሦስቱ፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም። ስለ ኃይሉ ብዛት መጨነቅ አያስፈልግም። አምስት ባለ 60 ዋት የክር አምፑሎች አብረው 300 ዋት፣ ማለት ወደ 1.4 አምፔር ይወስዳሉ፤ በፋንታቸው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢገባ አምስቱ በድምሩ 45 ዋት ብቻ ናቸው። በገበያ ያለው ማብሪያ ብዙውን ጊዜ እስከ 10 አምፔር የሚችል ነው።

የግቢው በር መብራት ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል፤ ሽቦ ቈጣቢ ሠራተኞች የሚፈተኑበት እርሱ ነውና። ትክክለኛው አሠራር አንዱን ባለ ሁለት መንገድ ማብሪያ ከበረንዳው፣ ሁለተኛውን ከሰርቪስ ቤቱ ወይም ከበሩ አጠገብ አድርጎ ሁለቱን ተመላላሾች በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ማገናኘት ነው። ርቀቱ ሃያ ሜትር ቢሆን ተመላላሾቹ ብቻ አርባ ሜትር ሽቦ ይፈጃሉ። ይህን ለማትረፍ አንዳንዱ ሌላ ዘዴ ይዘይዳል፤ በሰርቪስ ቤቱ ፌዝም ኒውትራልም ስላለ ሁለቱንም በዚያው ማብሪያ የመንገድ ማሰሪያዎች ላይ ያስራቸዋል፤ በበረንዳውም እንዲሁ ያደርግና አምፑሉን በሁለቱ የጋራ ማሰሪያዎች መካከል ያቆመዋል። አንዱ ማብሪያ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል በመረጡ ጊዜ አምፑሉ ይበራል፤ ሁለቱ አንድ ዐይነት በመረጡ ጊዜ ይጠፋል። ሥራው ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ፌዝን መርጠው አምፑሉ በጠፋ ጊዜ የአምፑሉ ሁለት ጫፎች ሕያዋን ናቸው። በዝናብ የራሰ በር አጠገብ ያለ መብራት ጠፍቶ ሳለ በሁለት በኩል ኃይል ተሸክሞ ያድራል ማለት ነው። ሦስት ፌዝ በገባበት ግቢ ደግሞ ሁለቱ ማብሪያዎች ከተለያዩ ፌዞች ተቀጥለው እንደ ሆነ አምፑሉ ወደ 380 ቮልት ይመታዋል። ይህን ዘዴ በቤቱ ያገኘ ሰው ዛሬውኑ ያስፈርሰው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ልማድ በደረጃ ላይ ይታያል፤ ፌዙን ከታችኛው ፎቅ ብሬከር፣ ኒውትራሉን ከላይኛው ፎቅ መስመር መዋስ ነው። መብራቱ ይበራል። የላይኛውን ብሬከር አውርዶ በዚያ ፎቅ የሚሠራ ሰው ግን የሞተ በመሰለው የኒውትራል ሽቦ ላይ፣ ያም ሽቦ ሲፈታ፣ ከታች የመጣውን ኃይል ያገኘዋል። የአንድ መብራት ፌዝና ኒውትራል ከአንድ መስመር ይሁኑ ብሎ ማዘዝ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ስለ ሽቦ ቀለምም እንናገር። አሁን በብዙ አገር የተያዘው ሥርዐት ለፌዝ ቡናማ፣ ለኒውትራል ሰማያዊ፣ ለመሬት አረንጓዴና ቢጫ ነው። ቀድሞ እንግሊዞች ለፌዝ ቀይ፣ ለኒውትራል ጥቁር ይሉ ነበር፤ አዲሱን ቀለም በአገራቸው ለአዲስ ሥራ ግዴታ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በአሮጌ ቤቶች ቀይና ጥቁር ስለሚገኝ፣ ሠራተኛም ያለቀበትን ቀለም በሌላ ስለሚተካ፣ ቀለሙን አይቶ ብቻ ሽቦን መንካት አይገባም። በተለይ ከማብሪያው ወደ አምፑሉ የሚሄደው ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ሲገኝ ያታልላል፤ ኒውትራል መስሎ ፌዝን ይሸከማልና። ሠራተኛው የዚህን ሽቦ ጫፍ ቡናማ ወይም ቀይ ናስትሮ እንዲጠመጥምበት ማዘዝ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

ብሬከር ካለ ሰው አይሞትም የሚል እምነትም በብዙ ቤት አለ። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 10 አምፔር ብሬከር ከ10 አምፔር በታች ለሚሄደው ኤሌክትሪክ አይነቃም፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር መቶ እጅ ጥቂቱ ሊበቃ ይችላል። ለሰው የተሠራው መሣሪያ በፌዙ የሄደውና በኒውትራሉ የተመለሰው እኩል መሆኑን የሚመዝን፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲጐድል የሚቈርጠው ነው። አዲስ የሚያሠራም ሆነ አሮጌውን የሚያድስ ሰው ቢያንስ ለመታጠቢያ ቤቱ፣ ለማእድ ቤቱና ለግቢው መስመር ቢያስገባው ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም።

ቤቱ ተሠርቶ ያለቀለት አንባቢ ምን ያድርግ? ግድግዳውን መሰርሰር ካልፈለገ ሽቦው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የላስቲክ መክደኛ ሊያልፍ ይችላል፤ መልኩ ብዙ ባያምርም ሥራው ያው ነው። ያለ ሽቦ የሚያዝዙ ማብሪያዎችም ዛሬ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ በባትሪ ስለሚሠሩ ባትሪውን መከታተል ያስፈልጋል። ለመተላለፊያ ብቻ ከሆነ ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራው መብራት ለአረጋውያን እጅግ የተመቸ ነው፤ እንዲያውም የእኛ ምርጫ እርሱ ነው።

ማብሪያው የሚቆምበትም ስፍራ ይታሰብበት። ከበሩ እጀታ በኩል እንጂ ከማጠፊያው በኩል አይሁን፤ በሩ ሲከፈት ከኋላው ይደበቃልና። ከወለሉ 1.20 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ልጅም ሽማግሌም ይደርስበታል። የመታጠቢያ ቤቱ ማብሪያ ከውጭ ይሁን። ብዙ ቁልፍ በአንድ ሣጥን በተሰበሰበበት ደግሞ ቅደም ተከተላቸው እንደ መብራቶቹ አቀማመጥ ቢሆን መልካም ነው፤ የበረንዳው ከውጭ በኩል፣ የሳሎኑ ከውስጥ በኩል ቢደረግ ማንም ሳይነገረው ያገኘዋል።

ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት ባለቤቱ እንዲህ ይመርምር። ለእያንዳንዱ ባለ ሁለት መንገድ መብራት አንድ ሰው በአንዱ ጫፍ፣ ሌላ ሰው በሌላው ጫፍ ይቁም። ተራ በተራ ይጫኑ፤ ከዚያ አንዱ ሁለት ጊዜ ሌላው አንድ ጊዜ ይጫኑ። በማንኛውም ሁኔታ እያንዳንዱ መጫን መብራቱን መለወጥ አለበት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተጭነውት ዝም ካለ ሽቦው ተሳስቷል። ቀጥሎ ሠራተኛው በፊታቸው አምፑሉን አውጥቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ መያዣውን በቴስተር ይንካው፤ ቁልፎቹ መብራቱን በሚያጠፉባቸው በሁለቱም ሁኔታዎች ይሞክረው። ቴስተሩ ደምቆ ከበራ ማብሪያው በኒውትራል ላይ ነው፤ ወይም ከላይ የነቀፍነው የሽቦ ቈጣቢዎች ዘዴ ገብቶበታል። ተመላላሾቹ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ሲሄዱ ቴስተሩ ፈዘዝ ብሎ ሊበራ፣ ኤልኢዲ አምፑልም ጠፍቶ ሳለ ጭላንጭል ሊያሳይ ይችላል፤ ቁልፉ ላይ ትንሽ መብራት ያለበት ማብሪያም እንዲህ ያደርጋል። ይህን ከእውነተኛው ስሕተት መለየት የባለሙያው ሥራ ነውና በመለኪያ ለክቶ ያሳይ።

በመጨረሻም ሠራተኛው የቤቱን ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ ይንደፍ፤ የትኛው ማብሪያ የትኛውን መብራት እንደሚያዝዝ፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚቈርጥ፣ ቱቦዎቹ በየትኛው ግድግዳ እንዳለፉ ይጻፍበት። ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ በብሬከር ሣጥኑ መክደኛ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ፤ በየብሬከሩም ሥር «ደረጃ»፣ «ሳሎን»፣ «የግቢ በር» ተብሎ በጉልህ ፊደል ይጻፍ።